የጎረቤት የበር ቁልፍ

እትዬ መርፌ ይህን ስም ያገኙት ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቀጭን ናቸው፣ ምላሳቸውም ይወጋል። ሊለካ የመጣ ደንበኛ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ ካዩ፣ ልቀቀው እንጂ፣ ነገ ሱሪው ውስጥ የምትገባው ከነሆድህ ነው ይሉታል። እኔ ከሱቃቸው በር ጎን ተቀምጬ ጫማ ስሰፋ ስለኖርኩ ከስድባቸው በቂ ድርሻ ደርሶኛል። ያም ሆኖ ሰፈሩ ያለ እሳቸው በሩን ቆልፎ አይወጣም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር አብዛኛው ቤት ያለው አንድ የበር ቁልፍ ነው፤ ወጪ ገቢው ግን ብዙ ነው። ባል በጠዋት ይወጣል፣ ሚስት ረፋዱ ላይ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ መጨረሻ የወጣው ቁልፉን ለእትዬ መርፌ ይሰጣል፣ መጀመሪያ የገባው ይወስዳል። እሳቸውም ከስፌት መኪናቸው በላይ ምስማር ደርድረው እዚያ ይሰቅሉታል። የማን የት እንደሆነ እንዳይምታታባቸው ዘዴ አበጅተዋል። የሰፈሩን መጋረጃ ሁሉ የሰፉት እሳቸው ስለሆኑ፣ በየቁልፉ ላይ ከዚያው ቤት መጋረጃ የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ ያስራሉ። ቢጫ መጋረጃ ላለው ቤት ቢጫ፣ አበባማ ለሆነው አበባማ። በዚህ ብልሃታቸው ይኮሩ ነበር። እኔም አደንቃቸው ነበር፤ ሞኝና ሞኝ ተገናኝተን።

ከዚያ ሌባው በዛ። መጀመሪያ ከገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ቀጥሎ የቆመ መኪና መስታወት፣ ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ ከሴት ትከሻ ላይ ቦርሳ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ ጣቢያ ሄዶ ያመለክት ነበር። እናጣራለን ብለው ይሸኙታል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ቀስ በቀስ ማመልከቱንም ተወው። በዓመቱ መጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ ስብሰባ ጠርተው፣ በሰፈራችን ስርቆት ካምናው በግማሽ መቀነሱን አበሠሩን። አጨበጨብን። ምን እናድርግ፣ ሰውዬው ደስ ብሏቸዋል።

ብዙም ሳይቆይ የታክሲ ነጂው ቤት ተዘረፈ። ቴሌቪዥኑ፣ የሚስቱ ጌጥ፣ የልጆቹ ብርድ ልብስ ሳይቀር ሄደ። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱም አልተነካም። ቁልፉ እትዬ መርፌ ግድግዳ ላይ፣ እንደ ወትሮው በቦታው ተሰቅሏል።

ማንም እርስዎ ነዎት አላለም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድም ሰው አላለም። እንዲያውም ታክሲ ነጂው፣ እትዬን የሚጠረጥር ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው ብሎ ነበር። በማግስቱ ግን ሚስቱ መጥታ፣ ለሁላችንም ቁልፍ አስቀርፀናል ብላ ቁልፋቸውን ወሰደች። ዳቦ ጋጋሪው አማቱ ከእንግዲህ ቤት ስለሚውሉ ወሰደ። ሌላው ሌላ ምክንያት ነበረው። ሁሉም አመስግኖ፣ ጤናቸውን ጠይቆ ነው የወሰደው። ቢሰድቧቸው እኮ መልስ አያጡም ነበር። በአክብሮት የሚሸሽን ሰው ግን ምን ብለው ይመልሱታል? እትዬ መርፌ እኔን መስደብ እንኳ ተዉ።

አንድ ቀን መቀሳቸውን አስቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ቆዩና፣ «ከመንገድ ላይ ሆኖ መጋረጃውን ያየ ሁሉ ቁልፉን ያውቀዋል» አሉኝ። ጠዋት ሊለካ የገባ ሰው፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሲሰጡት ሰማያዊ ብጣሽ የታሰረበትን ቁልፍ አንስቶ፣ ሰማያዊ መጋረጃ ያለበትን የታክሲ ነጂውን ቤት አራግፎ፣ ከሰዓት ረሳሁት ያለውን ነገር ሊፈልግ ተመልሶ ሊሰቅለው ይችላል። አድራሻውን ለሌባው ግድግዳ ላይ ሰቅለንለት ኖሯል።

ይህንኑ ሊያስረዱ ታክሲ ነጂው ቤት ሄዱ። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ሰማቻቸውና፣ ይሁን እትዬ፣ ያለፈው አለፈ አለቻቸው። ላልሠሩት ነገር ይቅርታ ተደርጎላቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ብሶባቸው፣ እኔን አስከትለው ጣቢያ ገቡና መርምሩኝ አሉ። ፖሊሱ ልጅ ክፉ አልነበረም፣ ወንበር ሰጣቸው።

«እማማ፣ እዚያ ቤት ተሰረቀ ብሎ ያመለከተ የለም። ያልተሰረቀ ዕቃ ሰረቁ ብዬ እንዴት ልመርምርዎት?»

«ሰው ጠርጥሮኛል ልጄ።»

«ማን ጠረጠረዎት?»

እትዬ መርፌ ለወንበሩ አመስግነው ተነሱ።

ቁልፏን ሳትወስድ የቀረችው የሰፈራችን ነርስ ብቻ ነበረች። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ወደ ሥራ ስትሄድ ቁልፏን ትሰጥና፣ «እትዬ፣ አደራ» ትላለች። በዚያች አንዲት ቁልፍ እትዬ መርፌ ነፍስ ዘሩ። ገና ነርሷ ከጥግ ብቅ ስትል ተነስተው ይቆማሉ። እኔንም እንደገና ይሰድቡኝ ጀመር፤ ደስ አለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከነርሷ በር ሥር ውሃ እየፈሰሰ መሆኑን እዚያው ግቢ የሚኖር ሰው መጥቶ ነገረን። እትዬ መርፌ ቁልፉን ይዘው ሮጡ፣ እኔም ተከተልኩ። የሰው ቤት ለማዳን ሲሮጡ ፊታቸው በርቶ ነበር። ቁልፉ ግን አልገባም። በቀሚሳቸው ጠርገው ሞከሩ፣ ገልብጠው ሞከሩ። ተቀብዬ ልሞክር ጎንበስ ስል ሁሉም ነገር ገባኝ፤ በሩ ላይ የተገጠመው ጓጉንቸር አዲስ ነው፣ ዙሪያው ያለው ቀለም ገና የተፋቀ። ልጅቷ የበሯን ቁልፍ ቀይራለች። አሮጌውን በየጠዋቱ የምትሰጣቸው እንዳይከፋቸው ብላ ነው።

የግቢውን ዋና ቧንቧ ዘጋሁ። እትዬ መርፌ ውሃው ውስጥ ቆመው በሩን ያያሉ። ቁልፉን መልሼ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው።

ነርሷ ስትመለስ ደጃፉን አይታ ቀለሟ ተለወጠ። እትዬ መርፌ ቁልፉን ዘረጉላት።

«ቤትሽ ውሃ ገብቶበታል ልጄ። ደንበኛ ይዞኝ፣ ሄጄ ሳልከፍትልሽ ቀረሁ።»

ተቀበለቻቸው። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

በማግስቱ ጠዋት መጣችና ያንኑ ቁልፍ ሰጠቻቸው። «እትዬ፣ አደራ» አለች፣ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። እትዬ መርፌም ተነስተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉና፣ «እግዜር ይስጥሽ» አሏት።