አንድ እንክብል ይዤ ወደ እንጦጦ

ከሲ.ኤም.ሲ የወጣሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዓላማዬ እንጦጦ ራጉኤል አጠገብ የሚኖሩትን አክስቴን እትዬ ጥሩወርቅን ለልጄ ሠርግ መጥራት። ቀላል ይመስላል። እትዬ ግን ከተራራው ከወረዱ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ዘመዱ ሁሉ «ዓለምን ንቀው» ይላል። በዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ሄጄ ቤታቸው እህል ሳልቀምስ በመውጣቴ ተቀይመው «ቤቴ ያልበላ ሰው ቤት አልበላም» ብለው ልከውብኛል። ልጄ ደግሞ ያለ እሳቸው ምርቃት አላገባም ብላለች።

ያልበላሁት በትዕቢት አይደለም። ሐኪሙ «አንጀትህ ቁስል የለውም፣ ዝም ብሎ ይቆጣል» ብሎኛል። የእኔ አንጀት አንድ ጭልፋ ሽሮ ካገኘ ጎረቤት ነጎድጓድ መስሎት የተሰጣ ልብሱን ያነሳል።

ሾላ ገበያ፣ ሦስት ሰዓት

በባቡር አራት ብር ከፍዬ መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ ሾላ። የበርበሬው ሽታ ታክሲውን ከነሹፌሩ አስነጠሰው። ፋርማሲ ገብቼ ችግሬን ስናገር አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ባቄላና አተር ለመፍጨት የሚያግዝ የኢንዛይም እንክብል አወጣችልኝ።

«ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው የሚወሰደው፣ ጋሼ። ተአምር ግን እንዳይጠብቁ። አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውም።»

«የሚረዳው አንዳንዱ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።»

ሽሮ ሜዳ፣ አራት ሰዓት

ስሙ ራሱ ሆዴን አሸበረው። የእንጦጦው ታክሲ እያቃሰተ ዳገቱን ተያያዘው። ከባሕር ዛፉ መሃል እናቶች ከታክሲያችን የሚረዝም እንጨት ተሸክመው ይወርዳሉ። አናቱ ላይ ወርጄ ዞር ስል ከተማው ከደመና በታች ተዘርግቷል፤ ሲ.ኤም.ሲን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። እኔ፣ በለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማያልቅብኝ ሰውዬ፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

እትዬ ቤት

ገና ከመቀመጤ ቡጢ የሚያህል የሽሮ ጉርሻ አፌ ደረሰ። እንክብሉ በመዳፌ ነበር፤ እንደ ሌባ ከጉርሻው ጋር ወደ አፌ ወረወርኩት።

«ምን ዋጥክ?»

«ምንም፣ እትዬ።»

«መርዝ አበላሃለሁ ብለህ ማርከሻ ይዘህ መጣህ?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሠርጉ ሊያመልጠኝ ሲሆን ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ቁርጠቱን፣ ንፋቱን፣ ለቅሶ ቤት በር ሥር የምቀመጥበትን ምክንያት። እትዬ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«እኔስ ለምን የማልወርድ ይመስልሃል?»

«ዓለምን ንቀው…»

«ዓለምን እወዳለሁ። ታክሲ ውስጥ ሆዴ ሲያጣድፈኝ ‹ወራጅ አለ› ብዬ ወርጄ የት ልግባ?»

ከተራራው ይልቅ ይሄ አስደነቀኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ስንት ሠርግና ስንት ቀብር፣ ለማንም ሳይናገሩ። ሽሮዬን ጨረስኩ። ሆዴ ትንሽ አጉረመረመና ተኛ።

«ዛሬውኑ አብረን እንውረድ» አልኳቸው። «እርስዎ ሲወርዱ እወርዳለሁ፤ በሚገቡበት በር ላይ እቆማለሁ።»

ወደ ቤት፣ አሥር ሰዓት

ሁለት ጊዜ ወራጅ አልን። ሾላ ላይ ፋርማሲስቷ ለእትዬ «መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት» ብላ እንክብል ከለከለቻቸው። እኔንም ምን ያህል እንደረዳኝ እስካሁን አላውቅም። ያወቅሁት ዘመድ በሆዱ ይዞ የሚሠቃይበትን ሌላው ዘመድ ቅድስና ብሎ እንደሚጠራው ነው።

በሩ ሲከፈት ባለቤቴና ልጄ ጉልበት ሊስሙ ተንደረደሩ። እትዬ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሰላምታው ይቆየን፣ ልጆቼ። ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?»

ልጄ በጣቷ አሳየች። እኔም በሠላሳ ዓመት ትዳሬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁሉም እየሰማኝ፣ «ከእርስዎ ቀጥሎ እኔ ነኝ» ብዬ ተሰለፍኩ።