ደወሉ ከገደሉ በኩል

እግሬ የነካው ድንጋይ ተንከባለለ። ሲያርፍ ልሰማው ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ ድምፅ የለም። አንድ እርምጃ ቀርቶኝ ኖሯል። ከፊቴ የሚታየው ጉም ብቻ ነው፤ ጉሙም የሚረገጥ መሬት ይመስላል።

"ቁሚ" አልኳት ባልንጀራዬን። "መሬቱ እዚህ ላይ አለቀ።"

ከኋላዬ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ነበር። ሳበችኝና ሁለታችንም ዘጭ ብለን ተቀመጥን።

"እንደ አስጎብኚ ፊት ፊት ስትዪ ውለሽ፣ ወዴት ልታስጎበኚኝ ነበር?" አለች። መቀለዷ ነው፤ ነጠላዬን ግን አልለቀቀችም።

ያን ቀን ተራራ ለተራራ ያዋለን የኔ ስለት ነው። ክረምት ላይ ትንሿ ልጄ ታማ ከአልጋ ስትውል፣ ከተረፈችልኝ ሦስት ተራራ በአንድ ቀን እወጣለሁ፣ የየጫፉን ደብር ተሳልሜ ሳልጨርስም እህል ውሃ አልቀምስም ብዬ ተሳልኩ። ተረፈች። ባልንጀራዬ ላሊበላ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ለቱሪስት ሙዳይ የምትሸጥ፣ ሙጃ ከሚባለው ደጋ የመጣች ሴት ናት። "ብቻሽን አትሄጂም" ብላ ጾሙን ከኔ ጋር ጾመችው። ጎሕ ሲቀድ ወጥተን የአሸተንን ደብር ተሳለምን፣ ከቀትር በኋላ ሁለተኛውን። አመሻሹ ላይ ወደ ሦስተኛው ስናቀና ጓሳ ሣሩ መሀል ጉም ወረደብን፣ መንገዱም ጠፋ።

ደወሉን የሰማነው ያኔ ነው። በዚያ አገር ደወሉ ድንጋይ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጠልጥለው በድንጋይ ይመቱታል፣ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። የኛ ሰው ጉም ይዞት ደወል ከሰማ ሌላ አይጠይቅም፤ አማትቦ ወደ ድምፁ ይሄዳል። እኛም አማትበን ሄድን። ለካ የሄድነው ወደ ገደሉ ነው።

እንደተቀመጥን ደወሉ እንደገና ተመታ። ከፊታችን፣ ከባዶው ውስጥ።

"ይጠራናል" አልኩ።

"ዝም በይ።"

ዙሪያችን ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ከሰው ቁመት የሚያልፍ ተክል ነው፤ በጉም ውስጥ ጋቢ የለበሰ ሰው ይመስላል። አንዱ ቅድም ባልነበረበት ቦታ የቆመ መሰለኝ። ላለማየት አቀረቀርኩ። ያኔ ከታች፣ ከገደሉ ሆድ፣ የልጆች ድምፅ መጣ። ያጉረመርማሉ፤ ከመሀላቸው አንዷ ታለቅሳለች። ልጄ ታማ ሳለች እንዴት እንደምታለቅስ አውቃለሁ። እሱው ለቅሶ ነው። አባቷ ሞቷል፤ ከኔ በቀር ማንም የላትም። እሷን ላተርፍ የተሳልኩት ስለት እናቷን ሊነሳት ነው አልኩ በሆዴ። ስለቱን አዘግይቼ ታቦቱ እሷን ወስዷት ቢሆንስ? ብድግ አልኩ።

"ወዴት ነሽ?"

"ልጄ ታለቅሳለች።"

ነጠላዬን በሁለት እጇ ጠቀለለችው። "እቴ፣ ልጅሽ ከእህትሽ ቤት ሽሮዋን ትበላለች። እስኪ ደኅና አርገሽ ስሚው። ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ቀን ጓሳ ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ገደል ገብቶ ያድራል። ጡት የከለከሉት ልጅ እንዲህ ነው የሚያለቅስ።"

ሰማሁት። አሁንም ልጄን ይመስላል።

"ደወሉስ?"

"ዋናውን ድምፅ ጉብታው ጋርዶብን፣ ከገደሉ የሚመለሰውን ማሚቶ ነው የምንሰማ። ጭላዳው ከገባበት ገደል አለ። ጀርባሽን ስጪው።"

ሰጠነው። ቆሞ መሄዱን ፈርተን በእጅ በጉልበታችን ዳኽን። ደወሉ ሲመታ ከኋላችን ይመጣል፤ አንገቴ ወደዚያው ይዞራል። ዕድሜዬን ወደ ደወል ሄጃለሁ፤ ከደወል ስሸሽ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቱም ከኋላ ታለቅሳለች። ጭላዳ ነው እያልኩ እንኳ ትቻት የምሄድ መሰለኝ። ባልንጀራዬ ነጠላውን ሳብ ስታደርግ "አለሁ" እላታለሁ።

እንዲህ ስንድህ እጄ ለስላሳ ነገር ጨበጠ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የበቅሎ ፋንድያ ነው።

"መንገድ አገኘሽ" አለችኝ። "ተሳለሚው እንጂ።"

ፋንድያውን እየፈለግን ስንወጣ ደወሉ ተመታ። አሁን ከፊት ነው፣ ቅርብ ነው። አላመንኩትም። የቅጥሩን ካብ በእጄ እስክነካው ድረስ አንዲት እርምጃ ሳልደባብስ አልረገጥሁም።

አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ከበሩ ቆመው ነበር።

"በዚህ ጉም ከየት ነው የመጣችሁ?"

"ከዚያ ወዲያ፣ አባ" አለች ባልንጀራዬ፣ በእጇ እያሳየች።

"በዚያ በኩል መንገድ የለም።"

"የለም፣ አባ።"

ግንባሬን ከበሩ አስደግፌ ተሳለምኩ። ውሃ ሰጡን፤ ጠጣን። የባልንጀራዬ ስልክ ኔትወርክ ሲይዝ እህቴ ቤት ደወልን። ልጄ ራሷ አነሳችው።

"እማ፣ የት ደረስሽ?"

ከታች፣ ከገደሉ፣ ለቅሶው አሁንም ይሰማኛል። ጀርባዬን ሰጠሁት።

"ሦስተኛው ደርሻለሁ፣ ልጄ። ቅጥር ውስጥ ነኝ። ደኅና ነኝ።"