ሁለት ዓይን ያለው ወታደር

ታላቅ ወንድሜ ኮርያ በዘመተ በዓመቱ፣ ቆስሎ የተመለሰ ጓደኛው ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቶ ለእናቴ የተላከላትን ሹራብ ሰጣት። ሹራቡ የተጠቀለለው በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ነበር። እሷ ሹራቡን ስታሸት እኔ ጋዜጣውን በመዳፌ እየዳመጥኩ አቃናሁት።

የፌዝ ሥዕል ነበረበት። ሁለት ባለ ኮት ሰዎች መድረክ ላይ ፊት ለፊት ቆመው ይጯጯኻሉ። መሐላቸው ያለውን ወታደር አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ እጅጌው ይጎትተዋል። የወታደሩ የአንድ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል። ከመዝገበ ቃላት ብቻዬን በለመድኳት እንግሊዝኛ ከሥሩ ያለውን አነበብኩ። አሜሪካኖች መሪ ሊመርጡ ነው፤ ሁለቱም «ልጆቹን ከጦር ሜዳ የምመልሳቸው እኔ ነኝ፣ ምረጡኝ» ይላሉ።

«የኛንም?» አለች እናቴ።

«ጦሩን የሚመሩት እነሱ ናቸው። ካቆሙ ሁሉም ይመለሳል።»

«ታዲያ የትኛው ነው የሚመልሰው?»

አባቴ ደብረ ወርቅ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። ጻድቁን ፊት ለፊት ከሁለት ዓይኑ ጋር፣ ክፉውን በጎኑ ባንድ ዓይን ይሥላል። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ ብዙ አየው።

«ሁለቱም ባለ አንድ ዓይን ናቸው። ደግ ሰው እዚህ ላይ ወታደሩ ብቻ ነው።»

«እየተከራከሩ ስለሆነ ነው በጎን የተሣሉት» አልኩት።

«እየተከራከሩም ዞር ማለት ይቻላል።»

«እርስዎ ሥለውት ቢሆን ላንዱ እንኳ ሁለተኛ ዓይን አይነፍጉትም ነበር» አለች እናቴ። አባቴ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ወታደሩን በመቀስ ቆርጣ ከሥዕለ ማርያሟ ሥር ለጠፈችው። ስትቆርጠው የሁለቱ ሰዎች ጣቶች እጅጌው ላይ ቀሩ።

ከሁለቱ አንዱ አሸነፈ፤ ኋላም ጦርነቱ ቆመ። ዘማቾቹ ተመለሱ። ወንድሜ እዚያው ቀረ።

አሁን እኔም ከአባቴ ጋር እሥላለሁ። እናቴ «ወንድምህን ሣልልኝ» ካለችኝ ቆይታለች። ሳስበው የሚመጣልኝ ሲዘምት የወሰደው መኪና ላይ ሆኖ፣ አጠገቡ ካለው ጋር ሲያወራ ነው። ከጆሮው በታች ያለችውን ጠባሳ፣ የአንገትጌውን እጥፋት፣ ሲስቅ የምትጠበውን አንዷን ዓይኑን አውቃቸዋለሁ። ፊቱን ግን ወደኔ አያዞርም።

«በጎኑ ልሣለው?» ብዬ አባቴን ጠየቅሁት።

ብሩሹን ሲያጥብ ቆየና «ትንሽ ጠብቀው። ይዞር ይሆናል» አለኝ።

ሸራው እንደተወጠረ ነው።