ለሽምግልና ስንሄድ ያፈሰሰው ፓምፕ

ባለፈው ሳምንት ልጄ አሮጌ መኪናውን አሶሳ ቤታችን ግቢ ውስጥ አሳድሮ ጠዋት ሲያንቀሳቅሳት፣ ቆማ ከነበረችበት ቦታ መሬቱ ረጥቦ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ነከርኩና አሸተትኩት። ቤንዚን አይደለም፤ ዘይትም አይደለም።

«የውሃ ፓምፑ ነው» አልኩት።

«ኮፈኑን እንኳ ሳትከፍት እንዴት አወቅህ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ባለቤቴ ዘሀራ በረንዳው ላይ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ልጃችን አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ ቆመ።

ዘሀራን ለማግባት ሽማግሌ በላክሁበት ዘመን ሃያ አራት ወይም ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤተሰቦቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ እጄን ይዘው ያመጡኝ ልጅ፣ አድጌ ሹፌር ሆኛለሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ አጎቴ ጋሼ እንድሪስ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው፤ ማንጎና ቀርከሃ እጭንባት ነበር። ዘሀራ ደግሞ የባምባሲ ልጅ ናት። አሶሳ መምህርነት እየተማረች ሳለ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ስትሄድ በእኔ መኪና ትሳፈር ነበር። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን ሆን ብዬ በዝግታ እነዳለሁ። በዚያ ዝግታ ተግባባን።

በመጨረሻ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ጋሼ እንድሪስና ጎረቤታችን ሐጂ አጣሂር ተመረጡ። ሐጂ አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ የበርታ ሰው ናቸው፤ የዘሀራን አባት አቶ ኢብራሂምን ከድሮ ያውቋቸዋል። ችግሩ አንድ ነበር። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፣ ደንቡ ነው፤ መኪናዋን የሚነዳ ሰው ግን ከእኔ ሌላ አልነበረም። ስለዚህ ባምባሲ መግቢያ ላይ አውርጃቸው ገበያው ጋ እንድጠብቅ ተስማማን።

ዝናቡ ገና መጣል የጀመረበት፣ ማንጎው ከየዛፉ ሥር የሚረግፍበት ወቅት ነበር። መንገዱ ይሸታል፤ የረጠበ አፈርና የበሰለ ፍሬ ሽታ አንድ ላይ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ጋቢና ውስጥ ተጠጋግተው፣ ንግግሩን ማን እንደሚጀምር ይከራከራሉ። እኔ የሙቀት መለኪያው ላይ ዓይኔን የጣልኩት ዘግይቼ ነው። መርፌው ጫፍ ደርሷል። ዳር ይዤ ሳቆም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ።

«ምን ሆነች?» አለ አጎቴ።

«መኪና ውሃ ጠማው» አሉ ሐጂ፣ ምንም ሳይደነግጡ። ወርደው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ራዲያተሩን ስከፍት ደርቋል። ከወንዝ በጀሪካን ቀድቼ ሞላሁ። መጀመሪያ ጎማ ቱቦው የተቀደደ መስሎኝ ዳሰስኩት፣ ደህና ነው። ራዲያተሩም አልተበሳም። ያየሁት ሁሉ እርጥብ ስለነበር ውሃው ከየት እንደሚመጣ መለየት አልቻልኩም።

ወደ ባምባሲ ያለፈ አንድ ሞተረኛ እንግዶች መንገድ ላይ መቅረታቸውን ተናግሮ ኖሮ፣ ብዙም ሳይቆይ ሸበቶ ሰው ከሞተር ሳይክል ላይ ወረዱ። ሽማግሌዎቹን አቅፈው ሰላም አሉና ወደ እኔ መጡ። አቶ ኢብራሂም ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ያቆሙ ሰው ናቸው። ዘወር ብዬ ሽማግሌዎቼን ባይ ሁለቱም ወደ መሬት ያያሉ።

«ሹፌሩ አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ሁሉንም በጨርቅ አድርቀው። ከዚያ አስነሳና እንይ።»

አደረቅኩ፤ አስነሳሁ። ጎን ለጎን አጎንብሰን ስናይ፣ ከፓምፑ አንገት ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ። ሞተሩን አጠፋሁና የማራገቢያውን ክንፍ ይዤ ወዲያና ወዲህ ነቀነቅኩት። እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል።

«ኩሽኔታው ሞቷል» አልኩ፣ የፓምፑን ዘንግ ይዞ የሚያሽከረክረውን ቀለበት ማለቴ ነው።

«ሞቷል» አሉ። «እኔ ቤት እንዲህ ያለች የቆመች መኪና አለች። ፓምፗ ደህና ነው። አንተ ይህን ፍታ፣ እኔ ያንን ፈትቼ ልምጣ።»

ማራገቢያውን አውርጄ፣ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ አላልቼ፣ የፓምፑን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታሁ። አንደኛው በዝገት ተጣብቆ ብዙ አታገለኝ። እሳቸው ሲመለሱ ፓምፑ እጄ ላይ ነበር። በፓምፑና በሞተሩ መካከል ገብቶ ውሃ የሚከለክል ጓርኒሲዮን ስላልነበረን የካርቶን ቁራጭ የፓምፑ አፍ ላይ አድርገው ዳር ዳሩን በመዶሻ በቀስታ መቱት፤ ካርቶኑ የፓምፑን ቅርጽ ይዞ ተቆረጠ። እኔ የድሮውን ቅሪት በቢላ ፋቅሁ። ከዚያ ግራሶ ቀብተን መግጠም ጀመርን።

ሥራ አብረው የሚሠሩ ሰዎች ወሬ ይጀምራሉ። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«እነዚህ ሽማግሌዎች ለልጄ የመጡ ይመስለኛል። ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ለነጋዴ ቢሆን፣ ለአስተማሪ ቢሆን ደስ ይለኛል።» ቡሎኑን አቀበሉኝ። «ለሹፌር ግን አልሰጥም። ቅር አይበልህ፣ አንተም ሹፌር ነህ። የሹፌር ሚስት ኑሮዋ በር በር ማየት ነው። እናቷን በዚህ ስንት ዘመን አስጨንቄአታለሁ።»

ውሸት መናገር አልፈለግሁም፤ እውነቱን መናገር ደግሞ የሽማግሌዎቹ እንጂ የእኔ ድርሻ አልነበረም። «ልክ ነው፣ ከባድ ነው» አልኩና ቁልፉን ይዤ ፊት ለፊት ያሉትን ቡሎኖች እያፈራረቅኩ እኩል አጠበቅኳቸው። የምቀልድበት ሰዓት አልነበረም። ውሃ ሞላን፤ አስነሳን፤ ረጅም ጊዜ ጠብቀን ከሥሩ በእጃችን ዳሰስነው። ደረቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ገበያው ጋ የመቆም ነገር ቀረ፤ «ቤት ድረስ ንዳ» አሉኝ አቶ ኢብራሂም። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እኔ ደጅ ቀርቼ እጄን በአመድና በሳሙና እታጠብ ጀመር።

ውስጥ የሆነውን አጎቴ ነው የነገረኝ። ጉዳዩን ካስረዳ በኋላ አቶ ኢብራሂም «ልጁ ሥራው ምንድነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሹፌር ነው» አለ አጎቴ።

አቶ ኢብራሂም ወደ አጎቴ ዞሩ። «የት ነው ያለው?»

አጎቴ ሲያመነታ ሐጂ ቀደሙት፤ «ደጅ ነው። ፓምፕ አንተ ጋር አብሮ አሰረ።»

አቶ ኢብራሂም ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ። የጓዳውን የነገረችኝ ዘሀራ ናት፤ ገንፎ እያገነፋች ነበር። ስለ ሹፌር ሚስት ኑሮ ለእኔ ያሉኝን ለእሷም ደገሙላት። እሷ ማማሰያውን ሳትለቅ «አባ፣ አንተ እኮ ሁልጊዜ ትመለስ ነበር» አለቻቸው።

እኔ በዚያ ሰዓት ይህን ሁሉ አላውቅም። ጥፍሬ ሥር የገባውን ግራሶ እየፈተግኩ፣ አሶሳ ድረስ በዝምታ የምንነዳውን መንገድ አስባለሁ። በሩ ተከፈተና አቶ ኢብራሂም ብቅ አሉ። እጄን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ።

«ና ግባ» አሉኝ። «ገንፎው ይቀዘቅዛል።»

ባሚያ ወጥ ከላዩ የፈሰሰበትን ያን የማሽላ ገንፎ፣ ከሐጂ አጣሂር ጎን ተቀምጬ እንዴት እንደበላሁት አላስታውስም። ከርከዴ የሚባለው ቀይ መጠጥ እንደቀረበልን ግን አስታውሳለሁ።

አማቴ ካረፉ ቆይተዋል። ስለ ሹፌር ኑሮ ያሉት ሐሰት አልነበረም፤ ዘሀራ ልጆቹን ይዛ ብቻዋን ያሳለፈቻቸው በዓላት ጥቂት አይደሉም። በወጣትነቴ የዚያን ዕለት ዕድለኛ ነኝ ብዬ ብቻ ነበር የማስበው። አሁን የሴት ልጆች አባት ስሆን ግን የማስበው ስለ እሳቸው ነው። ሰው በገዛ አፉ የተናገረውን፣ በገዛ ቤቱ፣ እንግዳ ተቀምጦ እያየው መተው ቀላል አይደለም።

በሚቀጥለው እሑድ ለታናሿ ልጃችን ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልጁ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልጠየቅሁም። ልጄን ግን ጠይቄአታለሁ።