የትሮይቪሉ ቤት ወለል

እዚህ ስደት አገር፣ ትሮይቪል በሚባል ሰፈር ያለውን ቤት ከባሌ ጋር የተከራየን ጊዜ መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ወለሉን በፕላስቲክ ምንጣፍ መሸፈን ነበር። አሮጌ ጣውላ ነው፤ አፈርንበት። እኛ አገር፣ ሆሳዕና፣ ደህና ኑሮ ያለው ሰው ሳሎኑን ፕላስቲክ ያነጥፋል። እኛም አበባ ያለበትን መርጠን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለጠፍን። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምኖርበትን ቤት ልብ ብዬ አላየሁትም። ነገ እሄዳለሁ የሚል ሰው ቤት መች ያያል?

ኮሮና መጣ። ባሌ ራቅ ብሎ ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር ካለው ሱቁ ሳይመለስ እንቅስቃሴ ተከለከለና እዚያው ቀረ። እኔ ልብስ የምሸጥበት ሱቅም ተዘጋ። ብቻዬን ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ? ጠዋት ማታ ወለሉን በበረኪና ማጠብ ሆነ ሥራዬ። ፕላስቲኩስ ስንት በረኪና ይችላል? ጥግ ጥጉ ተላቀቀ፣ ተናደድኩና ጠቅልዬ ጣልኩት። ከሥሩ የወጣው ጣውላ ረጃጅም፣ የማር መልክ ያለው፣ አንድም ጉጥ የሌለበት! በሳሙናና በብሩሽ ፈተግኩት፤ አበራ። ወይ ጉድ! የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

እዚሁ ሰፈር ያረጀች ፖርቹጋላዊት ጎረቤት አለችኝ። በአጥር በኩል ስነግራት፣ "ያ እንጨት ባሕር ተሻግሮ በመርከብ የመጣ ነው" አለችኝ። "እዚህ ከተማ ወርቅ የተገኘ ጊዜ፣ ይሄ ሰፈር ሲሠራ፣ ከወደቡ እስከዚህ ድረስ አምጥተው አነጠፉት። የኛ መንገድ ቤቶች ወለል ግን አብዛኛው እየተነቀለ ለሀብታም ሰፈር ተሸጠ።"

ይሄን ሰምቼ ዝም አልልም? የኔ ነገር! ደስ ይበለው ብዬ ፎቶ አንስቼ ለአከራዬ ላክሁለት። ምነው እጄን በቆረጠው!

ክልከላው ላላ እንዳለ ማስኩን አጥልቆ፣ መንቀያ ብረት የያዘ ሠራተኛ አስከትሎ መጣ። ጣውላው ገዢ አግኝቷል፣ በምትኩ ሲሚንቶ ይደረግልሻል አለኝ። "ደሞ እናንተ ፕላስቲክ ነው የምትወዱት" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ስለሆነ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ሠራተኛው "ሶሪ ማማ" እያለ በሩ ሥር ያሉትን ሁለት ጣውላዎች ነቀለ። ሚስማሩ ሲጮህ ሄጄ ሦስተኛው ላይ ዘርፈጥ አልኩ። ጣውላው እርስ በርሱ የተቆላለፈ ነው፤ ሦስተኛው ሳይነሳ ሌላው አይነቀልም።

"ተነሺ እንጂ! ቤቱ እኮ የኔ ነው" አለ አከራዬ።

"ቤቱማ ያንተ ነው። የተከራየሁት ግን ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው እንዴ? ከፈለግህ ከነእኔ ንቀለው!"

ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ጥራ አልኩት። በዚያ ሰሞን በኮሮናው ምክንያት ተከራይ ማስወጣት ክልክል እንደነበር እኔም እሱም እናውቃለን። ሠራተኛው ብረቱን መሬት አስቀምጦ ግድግዳውን ተደገፈ። እስከ ቀትር ጠበቁኝ። እግሬ ደነዘዘ፤ አልተነሳሁም።

በመጨረሻ የነቀሏቸውን ሁለቱን ጭነው ሄዱ። የቀረው ወለል በሙሉ ዛሬም አለ። ሦስተኛው ላይ እኔ ነበርኩበታ!