ወንድሜ አልያዘም

ወንድሜ ዘለቀ በዚያ ቅዳሜ የማንንም ማሊያ አልያዘም። የያዘው ከጎኑ የቆመው ልጅ ነው። ጥፋቱ ግን በወንድሜ ቁጥር ተጠራ፤ በእሱ ምክንያት ተሸነፍን ተባለ፤ ያየውም ያላየውም እንደዚያ ብሎ ቤቱ ገባ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሴት ነኝ፤ ጽሕፈት ሥራዬ አይደለም። ይህን ሳላስጽፍ ብሞት ግን አፈሩ አይቀለኝም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጄ ልጅ በረከት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚበላው ግን በአማርኛ ነው። እንደ ዘለቀ ግዙፍ ሆኖ ስላደገ በትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ኳሷን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት፣ የፊት መስመር ላይ አቆሙት። ባለፈው ጥቅምት ሲጫወት ለማየት ሄድሁ። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ብርድ ልብስ ጉልበቴ ላይ ጥዬ ተቀምጫለሁ። መሀል ላይ ዳኛው ከወገቡ ቢጫ ጨርቅ አውጥቶ ወረወረ፤ ጨርቁ በረከት እግር ሥር ወደቀ። ሳላውቀው ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ልጄ ቀሚሴን ጎትታ፣ የእሱ ጥፋት አይደለም፣ ሰው እያየን ነው፣ ቁጭ በይ አለችኝ። የእሱ አልነበረም። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የቆምሁት ሌላ ሜዳ ላይ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ነበር።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። እናታችንን ሱዳን ገዳሪፍ ቀብረን፣ እኔና ዘለቀ ሁለታችን ብቻ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ገባን። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ከአንድ የቬትናሞች ምግብ ቤት በላይ ባለች ክፍል እንኖር ነበር። የዓሣና የዝንጅብል ሽታ በደረጃው እየወጣ ልብሳችን ውስጥ ይገባል። እኔ የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት እሠራለሁ፤ እሱ ይማራል። አባታችን ወረታ ገበያ ላይ ኩንታል ተሸካሚ ነበር፤ ትከሻውን ለዘለቀ አወረሰው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በር ሲገባ በጎኑ ነበር። ትምህርት ቤቱ ይህን ሲያይ የብረት ቆብ አጠለቀለት። ስሙን መጥራት ስላልቻሉ ዚ ይሉት ጀመር።

መጀመሪያ ላይ በየጨዋታው ሄጄ ኳሷ ለወንድሜ እስክትሰጠው እጠብቃለሁ። አትሰጠውም። ሌላው ይወረውራል፣ ሌላው ይቀልባል፣ ሌላው ይዞ ይሮጣል፤ የእኔ ወንድም እየተጋጨ ይወድቃል፣ ተነሥቶ እንደገና ይጋጫል። ወሩ አለቀ፤ ኳሷን በእጁ አልነካትም። ስደተኛ ስለሆነ ነው አልሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ እናቴም ይህን ጠባዬን አልወደደችውም። ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙን አቁሜ፣ ዘለቀን በግድ አስተረጎምሁት። ወንድሜም እንደ ሌላው ልጅ ኳስ ይድረሰው አልሁ።

አሰልጣኙ አልሳቀብኝም፤ ይህን ልመስክርለት። መስመር ላይ የሚቆሙት አምስቱ ልጆች ኳስ እንዲቀልቡ ሕጉ አይፈቅድም አለኝ። ታዲያ ሥራቸው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

"ሌላው እንዲያልፍ ማድረግ" አለ።

ባስ ውስጥ ዘለቀ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "እትዬ፣ ኳስ በድርሻ የሚታደል የእርዳታ እህል መሰለሽ እንዴ?" አለኝ። ቤት ስንደርስ ግን ቁጣው በረደለትና ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ደርድሮ አስተማረኝ። ላይንማን ይባላሉ። ኳሷ ሳትነሣ ከተንቀሳቀሱ ጥፋት ነው፤ ከዘገዩም የሚሮጠው ልጅ ይመታል። ጉልበት አጥፎ፣ ዳሌን ዝቅ አድርጎ፣ መዳፍን ከፍቶ የመጣውን ደረቱ ላይ ገፍቶ ማቆም ነው። መግፋት ይቻላል፤ ጨብጦ መያዝ ግን ክልክል ነው፤ የያዘ ቢጫ ጨርቅ ይወረወርበታል፤ ቡድኑ የሮጠው ሁሉ እንዳልተሮጠ ይቆጠራል። ንዴት አይሠራም፤ የተናደደ ልጅ ይይዛል። ደግሞ ብቻህን ጎበዝ ብትሆን ዋጋ የለውም፤ ከአምስቱ አንዱ ከሳሳ አጥሩ ፈረሰ።

"ኳሷ ያለችው ከኋላህ ነው፤ ማለፏን በምን ታውቃለህ?" አልሁት።

"በጩኸቱ። የእኛ ሰው ከጮኸ ሠርተናል ማለት ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሷን ተውኋት። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ወደ ኳሷ ሲያዞር እኔ የማየው ዘለቀን ብቻ ሆነ፤ እግሩን፣ ወገቡን፣ መዳፉን። ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ሜዳ እሱን ብቻ የሚያይ ዓይን የእኔ ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። በድምፅ ማጉያው የሮጠው ልጅ ስም ይጠራል፤ የቀለበው ይጠራል። የመስመር ልጅ የሚነሣው ሲያጠፋ ነው፤ እሱም በቁጥሩ።

የመስመር ልጆቹ አንድ ወግ ነበራቸው። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ሐሙስ ማታ አምስቱ ብቻ በአንዳቸው ቤት አብረው ይበላሉ። ተራው የእኛ ሲደርስ ዘለቀ ክፍላችን ጠባብ ናት ብሎ ሊደብቀኝ ፈለገ፤ እንቢ አልሁ። ድፎ ዳቦ ጋገርሁ፤ በርበሬ የበዛበት የበሬ ጥብስ ሠራሁ። አምስት ግዙፍ ልጆች መሬት ላይ አንድ ትሪ ከበው ሲቀመጡ ወለሉ ያቃስት ነበር፤ ከታች ያሉት ቬትናሞች ምን እንዳሉ አላውቅም። ከዘለቀ ጎን የተቀመጠው ኬቪን ነው፤ ሜዳ ላይም ከጎኑ የሚቆመው እሱ ነው። ቀይ ፀጉር ያለው፣ ሳቂታ፣ አባቱ በየጨዋታው አጥሩን ተደግፎ የሚጮህለት ልጅ። ሁሉንም አጎረስኋቸው። ኬቪን የመጀመሪያውን ጎርሶ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሁለተኛውን ሳቀርብ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። አንድ ጉርሻ ያጣላል በልልኝ አልሁት ለዘለቀ። ተረጎመለት።

"እኔና ዚ ወንድማማች ነን። ማን ያጣላናል?" አለ ኬቪን። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ ዝናብ የተቀላቀለበት በረዶ ወረደ። የተሸነፈ የሚወድቅበት፣ ያሸነፈ የሚቀጥልበት ጨዋታ ነበር። ለዘለቀ ደግሞ ሌላም ትርጉም ነበረው፤ ለወደፊቱ ልጆች የሚመለምል አንድ የኮሌጅ ሰው እሱን ለማየት መጥቶ ከአሰልጣኙ ጋር ቆሟል። ኮሌጅ ገባ ማለት ከእኔ አንሶላና ከአባታችን ኩንታል አመለጠ ማለት ነው። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ሊያልቅ ሲል በጥቂት ነጥብ ተመርተናል። የመጨረሻው ሩጫ የተደረገው እኔ ከተቀመጥሁበት ፊት ለፊት ነው። ልጆቹ ሁሉ ጭቃ ናቸው፤ የማሊያ ቁጥር በደንብ አይለይም። ዘለቀ ዝቅ ብሎ ተነሣ፤ ከፊቱ የነበረውን ልጅ በሁለት መዳፉ ገፍቶ በጀርባው አጋደመው። ጣቶቹ እንደ ተዘረጉ ነበሩ፤ አየሁ። ከጎኑ ኬቪን ተንሸራተተ፤ የሚያልፈውን ልጅ ማሊያ ከኋላ በጡጫው ጨብጦ ጎተተ። ይህንንም አየሁ። ሕዝቡ ጮኸ፤ የእኛ ሯጭ ኳሷን ይዞ ነጥብ ከሚቆጠርበት መስመር ገብቷል። ዘለቀ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ጀርባውን ለሜዳው እንደ ሰጠ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

ከዚያ ቢጫው ጨርቅ መሬት ላይ ታየ። ድምፅ ማጉያው ያዘ አለ፤ ቁጥሩንም ጠራ። የወንድሜ ቁጥር ነበር።

ነጥቡ ተሰረዘ፤ ተሸነፍን። የራሳችን ሰዎች የጮኹበትን አላስጽፈውም፤ አብዛኛው ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ይገባኛል። ኬቪን የብረት ቆቡን ሳያወልቅ ወጣ። የኮሌጁ ሰው ኮቱን ቆልፎ፣ ዘለቀን እጁን ሳይጨብጠው ሄደ።

ሰኞ ሥራ ቀርቼ፣ ዘለቀ እንዲያስተረጉምልኝ ይዤው ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። አሰልጣኙ የተወረወረ ጨርቅ ወደ ኪስ አይመለስም አለ። ጨዋታውን አልጠየቅሁህም፣ የወንድሜን ስም ነው የጠየቅሁህ አልሁት፤ ኬቪን ይጠራ አልሁ። ተጠራ። ማን እንደ ያዘ አላየሁም አለ፤ ሲናገር ጫማውን ነው የሚያየው። ወደ ዘለቀ ዞርሁ።

"ንገረው። እጁን አይቼዋለሁ በለው።"

ዘለቀ የቦርሳውን ማንገቻ አስተካከለ።

"ንገረው እንጂ!"

"እትዬ፣ ተይው" አለኝ ቀስ ብሎ። "መስመር ላይ የቆመ ሰው ጎኑ ያለውን አይጠቁምም። ነገም ከጎኔ የሚቆመው እሱ ነው።"

በአማርኛ ያለኝን ሁሉ ተናገርሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አልተረጎመልኝም። አሰልጣኙ ሲያዝን ታየኝ፤ ማዘኑ ግን ለምን እንደሆነ እሱም አላወቀም። በዚያው ሳምንት የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገብሁ። ሰው ለሥራ ይማራል፣ ለዜግነት ይማራል፤ እኔ የተማርሁት ዳግመኛ በሰው አፍ ላለመናገር ነው።

ያ ነገ የተባለው አልመጣም። በኮሪደሩ ሲያልፍ ልጆቹ እጃቸውን እየጨበጡ ያሳዩት ነበር፤ ያዡ ማለታቸው ነው። በተከታዩ ዓመት ሊጫወት አልተመዘገበም። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ደቡብ ዳኮታ፣ ሥጋ ፋብሪካ ገባ። አሁን ቴክሳስ ነው፤ ትልቅ መኪና ይነዳል። ለሰርግና ለለቅሶ ይመጣል፤ አውሮፕላን ማረፊያ እንቀበለዋለን፤ የድሮ ሰፈራችንን ግን ዞር ብሎ አያየውም። በረከት መስመር ላይ መቆሙን በስልክ ስነግረው፣ መዳፉን ይክፈት በይው አለኝና ወሬ ለወጠ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ጨዋታው አልቆ ወደ መኪናው ስንሄድ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ የወረቀት ኩባያ ይዞ መጣ። ቀይ የነበረው ፀጉሩ አመድ መስሏል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። የዚ እህት ነዎት ወይ አለኝ፤ የእሱም የልጅ ልጅ በዚያው ቡድን ውስጥ ነበር። ዘለቀ ደህና እንደሆነ ጠየቀ። ጉልበቱን ያመዋል አልሁት። ከሁላችንም ጎበዙ እሱ ነበር አለ። ልጄ ወደ መኪናው ልታስገባኝ ክንዴን ይዛለች፤ አስለቀቅኋት።

"የያዝኸው አንተ ነህ?" አልሁት፤ በራሱ ቋንቋ፣ በራሴ አፍ።

"አዎ" አለ። አላቅማማም።

"ታዲያ ለምን ዝም አልህ?"

የኩባያውን ክዳን ነቅሎ መልሶ ገጠመው። ከኋላው የመስመር ልጆቹ ከሁሉም በኋላ ከሜዳው እየወጡ ነበር፤ በረከትም መካከላቸው አለ፤ ጭቃ በጭቃ፤ የሚያጨበጭበው ሰው ቀድሞ ሄዷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ለጥያቄዬ መልሱን ራሴ ስሰጠው ኖሬያለሁ። ልጅ ነበር እላለሁ፤ አባቱን ፈርቶ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ክፉ ነው ብዬ እገላገላለሁ። ፍርድ የሚጓደለው በክፉ ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ያ ልጅ ክፉ አልነበረም፤ ከእጄ ጎርሷል፤ በቤቴ ስቋል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

"አባቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀኛል" አለ በመጨረሻ። "እናንተ ገና መምጣታችሁ ነበር። ብዙም ሳትቆዩ ትሄዳላችሁ ብዬ ነው።"