ግራ ጉልበቴና በረኛችን

ተከላካይን ማንም አያስታውሰውም። ግብ ያገባው በትከሻ ይዞራል፣ ያዳነው በረኛ ይጨበጨብለታል፤ መሃል ቆሜ ስገፋና ስገፈተር የምውለው እኔ ግን ስሜ የሚነሳው ስሳሳት ብቻ ነው። ለሚዛን ቡድን ስምንት ዓመት እንዲህ ተጫውቻለሁ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው፤ ግን ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም።

የመጨረሻውን ጨዋታ ልንጫወት ወደ ቴፒ ስንወርድ ግራ ጉልበቴ አብጦ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አማን ከተማ ያሉ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ዘንድ ተደብቄ እየሄድኩ ስታሽ ቆይቻለሁ። የቡድናችንን ወጌሻ ሸሸሁት፤ እሱ ካወቀ አሰልጣኛችን ያውቃሉ። እሳቸው ደግሞ ቀድመው ተናግረዋል፤ የከርሞውን ውል የሚፈርመው ቴፒ ላይ ዘጠና ደቂቃ የቆመ ነው፤ ጉዳት የደበቀ፣ አውቆ ዝም ያለለትም ጭምር፣ ይሰናበታል። ስለዚህ ጉልበቴን በጨርቅ ጥፍር አድርጌ አስሬ፣ ካልሲዬን እስከ ጭኔ ስቤ ገባሁ።

ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ዘልዬ ሳርፍ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ዞር ብዬ ለበረኛችን በቤንችኛ ጮህኩለት፤ "ግራ እግሬ አልቆለታል፣ በግራዬ ኳስ አትስጠኝ!" እኔና እሱ አብረን ያደግን ነን። ከሚዛን ወጥተን ስንጫወት ሁልጊዜ በቤንችኛ ነው የምንነጋገረው፤ ባላጋራ አይሰማንም እያልን እንኮራበት ነበር።

የቴፒው አጥቂ ግን ሰማ። ቀና ብሎ ጉልበቴን አየ። ማዕዘን ምት ስንጠብቅ ተጠጋኝና በራሳችን ቋንቋ፣ በዝግታ፣ "እናቴ የቤንች ሰው ናት። ውጣ ወንድሜ። ካልወጣህ በዚያው ነው የምመጣብህ፤ እኔም ውል እፈልጋለሁ" አለኝ። ደሜ ፈላ። የናቀኝ መስሎኝ ሰደብኩት፤ ሰውዬው ግን የእውነቱን ነበር።

በእረፍት ሰዓት በረኛችን መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ወሰደኝ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሄደህ ንገራቸው፤ አለበለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ልጆች አሉኝ እኮ። አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ዝም በልልኝ፣ በእናትህ።"

መሬት መሬት እያየ ቆመ። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሬው ወደ ሜዳ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሲኦል ነበር። አጥቂው እንዳለው አደረገ፤ ኳስ ባገኘ ቁጥር በግራዬ። አንዴ በማሊያው ይዤ አስቀረሁት፣ አንዴ ወድቄ በደረቴ መለስኩ። በረኛችን እኔን ለመሸፈን ግቡን እየተወ መውጣት ጀመረ። አሰልጣኛችን ከመስመሩ ላይ "ምን ነካህ? ግብህ ላይ ቁም!" እያሉ ይጮሁበታል። ደቂቃው አልሄድ አለ። ሊያልቅ ሲል አጥቂው ገፍቶኝ አለፈ፤ ግራ እግሬን ዘረጋሁ። ኳሷ ወጣች፣ ጉልበቴም አብሮ ሄደ። ስጮህ ለራሴ ተሰማኝ።

ፊሽካው የተነፋው መሬት ላይ እንደተኛሁ ነው። አቻ ወጥተናል። አሰልጣኛችን ጎንበስ ብለው ካልሲዬን ሲገልጡት ያን ሁሉ ጨርቅ አዩ። ቀና አሉና በረኛችንን፣ "ታውቅ ነበር?" አሉት።

"አያውቅም!" ብዬ ቀደምኩት። አጥቂው አጠገባችን ቆሟል፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በረኛችን ጓንቱን አወለቀ። "ከሠላሳኛው ደቂቃ ጀምሮ አውቃለሁ" አለ።

ዝም ቢል ማንም አይነካውም ነበር። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ በራሴ ደግሞ አፍራለሁ።

ነሐሴ ላይ ውል የሚፈርሙት ስም ዝርዝር ቢሮው በር ላይ ተለጠፈ። በክራንች ሄጄ አነበብኩት። የራሴን ስም አልፈለግኩም። የእሱን ግን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ፈለግኩት።